አንዴ የተባለ አይደገምም

ሞጣ ውስጥ ስለ መምህር ሽታሁን የሚባል ነገር አለ። «ልጅህን እሱ ክፍል ካስገባኸው፣ በዓመቱ መጨረሻ ይዞልህ የሚመጣው የእንግሊዝኛ ቃል በጣት የሚቆጠር ነው፤ የያዛትን ግን እስኪሸብት አይረሳትም» ይባላል። ነገሩ ተጋኗል። ሐሜት ካልተጋነነ መቼ ይጥማል! ከእውነቱ ግን እምብዛም አልራቀም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ መምህር ሽታሁን ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቹ አንዲት ቃል ማስተማር ከጀመረ አሥራ አንድ የትምህርት ቀን ሞልቶት ነበር። ቃሏ «ቴክ» ናት።

የቸኮለ ሰው «ቴክ ደግሞ ምን አላት? ወሰደ ማለት ነው፤ አለቀ» ይላል። ይህን መምህር ሽታሁን ፊት የተናገረ ግን ወየውለት! ጠመኔ የጠገበ ኮቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ይጀምርለታል። ፈረንጆቹ ክኒን ሲውጡ ቴክ ነው፤ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ቴክ ነው፤ ፎቶ ሲያነሱ፣ አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ ፈተና ሲፈተኑ፣ ምክር ሲሰሙ፣ ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ በመልክ አባታቸውን ሲመስሉ እንኳ ቴክ ነው፤ ከጎኗ የምትጠጋው ትንሽ ቃል ብቻ ትለዋወጣለች። «ወሰደ ብሎ የሸመደደ ልጅ ክኒኑን ወዴት ሊወስደው ነው? ወደ ገበያ?» ይላል። ሰውየው አሁንም ካልገባው ወደ ገዛ አማርኛው ይመልሰዋል። «አንተስ ትኬት ትቆርጥ የለም? ተስፋ ትቆርጥ የለም? ደመወዝህ ይቆረጥ የለም? ሆድህን ሲቆርጥህ መቀስ ይዞ የመጣ ሰው አለ?» እዚህ ላይ የማይረታ ሰው ገና አልተገኘም፤ ወይም ሰዉ ቶሎ መሄድ ስለሚፈልግ ይሆናል።

ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የተወለደው ከቢቸና ወጣ ብሎ ሲሆን፣ አባቱ አቶ አምላኩ ልጃቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዲሆንላቸው ብለው በአሥር ዓመቱ ደብረ ወርቅ፣ የኔታ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሰደዱት። እዚያ ሰባት ዓመት ግስ አወረደ፣ ቅኔ ቆጠረ። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰና ጓደኞቹ ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሱት። በጤና ጣቢያው ሐምዱ የሚባል፣ የሞጣ ልጅ የሆነ ጤና ረዳት ነበር። ሐምዱ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ፣ አወሳሰዱን በእንግሊዝኛ ጽፎ ሰጠው። ሽታሁን ትኩሳቱ እያንቀጠቀጠው ጽሑፉ ላይ አፈጠጠ።

«ይቺ መጀመሪያ ላይ ያለችው ምን ትላለች?»

«ቴክ። ውሰድ ማለት ነው።»

«ወዴት?»

ሐምዱ ሳቀ። «ዋጠው ማለት ነው እንጂ። በል አሁን እዚያ ቁጭ በል» አለና፣ ለማሳየት ይሁን ለመቀለድ «ቁጭ በልም ራሷ ናት፤ ቴክ ኤ ሲት» ሲል ጨመረለት።

ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀው። ቃሏ ግን አለቀቀችውም። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድን ግስ ይዞ በየዘርፉ ሲያወጣና ሲያወርድ ለኖረ ልጅ፣ ባሕር ማዶም እንዲህ ያለ ጉድ መኖሩን ማወቅ ቀላል ነገር አልነበረም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ደጅ እየሄደ ይቀመጥ ጀመር። ሐምዱም ሲያየው «ዛሬ ደግሞ ምንህን አመመህ?» ይለዋል። «ምንም፤ ሌላ ቴክ ካለች ብዬ ነው» ይላል ሽታሁን። ከቤቱ ርቆ የተመደበ ሰው ወግ ይርበዋልና ሐምዱም አልነፈገውም። በወሩ ሽታሁን አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ቴክ በቃሉ ያዘ።

ነገሩ የኔታ ጆሮ ሲደርስ በዱላ ይቀበሉኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። እሳቸው ግን አስጠርተው «የሰው አገር ግስ ትቆጥራለህ አሉ» ብለው ብቻ ጠየቁት።

«አዎ የኔታ።»

«እንግዲያው አገባቡን ሳታውቅ አትመለስ። ግማሽ ተማሪ ሁለቱንም ጉባኤ ያሳፍራል።»

መርቀው ሰደዱት። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገባ፤ ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ጥግ ላይ ድንጋይ አምጥቶ ይቀመጥ ነበር። ክፍል እየዘለለ ጨረሰ፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገባ፤ ጉንደ ወይን ሰባት ዓመት አስተማረ፤ ከዚያ ሞጣ ተዛወረና ሃያ ዓመት ሆነው። ሚስቱ ፈንታነሽ ቢቸና ቀረች። ቤታቸው እዚያ ነው፤ አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት እናቷም እዚያ ናቸው፤ ጥላቸው አትሄድ ነገር። ስለዚህ ሽታሁን ሃያ ዓመት ሙሉ አርብ ከሰዓት ሚኒባስ ይሳፈራል፣ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። «እኔ የቅዳሜ ባል ነው ያገባሁት» ትላለች ፈንታነሽ፤ ሳቅ እያለችም ብትለው ሳቋ ከጥርሷ አያልፍም።

የማስተማሪያ ዘዴው ከቅኔ ቤት የመጣ ነው። ከማሠልጠኛ የተሰጠውን ሁሉ ሞክሮ የቀረለት ይኸው አንዱ ነው። ቃሏን ሰሌዳ ላይ ይጽፋታል፣ አገባቧን ያስረዳል፣ ከዚያ ልጆቹን ወደ ግቢው ያስወጣቸዋል። ልጆቹም እንደ ቅኔ ተማሪ ተበታትነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ጥግ ይዞ ከገዛ ኑሮው አንድ ዓረፍተ ነገር በልቡ እየፈጠረ ይቆጥራል፤ ደብተርና እርሳስ አይፈቀድም። ሲመለሱ ቆመው ይናገራሉ። ያማረች ስትመጣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ይበል!» ይላል። ሌላ ሰው ያላትን፣ ወይም ራሱ ትናንት ያላትን ደግሞ ያመጣ ግን «ተብሏል!» ተብሎ ይጮህበታል፤ ተሳቅቆ ይቀመጣል። ይህ ሕግ ለድርድር የማይቀርብ ነው። «አንዴ የተባለ አይደገምም» ይላል ሽታሁን። «ትናንት ይበል የተባለልህን ዛሬ መልሰህ ካመጣህ ሌባ ነህ፤ የሰረቅኸው የራስህን መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።»

ልጆቹ ይወዱታል። ወላጆች ግን ወላጆች ናቸው። ሞጣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግደው ሙሂዲን፣ ልጁን ሳብሪያን እራት ላይ «ዛሬ እንግሊዝኛ ምን ተማራችሁ?» ሲላት «ቴክ» አለችው። በሳምንቱ ጠየቃት፤ «ቴክ»። አሁንም በሳምንቱ ጠየቃት። ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና አለባት፤ መጽሐፉ ደግሞ ከግማሽ አላለፈም። ሙሂዲን ክፉ ሰው አይደለም፤ መምህሩን ሲያገኝ ከመንገድ ወርዶ የሚያሳልፍ ነው። ቢሆንም በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «መምህርን አከብራቸዋለሁ፤ ግን ፈተናው አንድ ቃል አይደለም የሚጠይቀው» አለ። ሌሎቹም ይህን ሲጠብቁ ኖረው ተከተሉት።

በማግሥቱ ሽታሁንን ርእሰ መምህሩ አቶ ይግዛው ቢሮው ጠራው። ይግዛው የድሮ ተማሪው ነው፤ ዛሬም ፊቱ መቀመጥ ያፍራል።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ሱፐርቫይዘሯ ወይዘሮ ዘሚራ መጥተው ክፍልዎ ይገባሉ። ከመቶ ነው የሚሞሉት። ከስልሳ በታች ከመጣ…» ብሎ ጠረጴዛውን በጣቱ ጠረገው።

«ከመጣ?»

«ከክፍል ይወጣሉ። ግን እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ቢቸና ያለ አንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሰው ይፈልጋል። ጠመኔና ወረቀት ማውጣት ነው። ደመወዝዎ አይነካም፣ ከቤትዎ ይገባሉ። ጡረታዎ ስድስት ዓመት ነው የቀረው። እኔን ከጠየቁኝ ክፉ አይደለም ጋሼ።»

ክፉ አይደለም። ሽታሁንም ክፉ አይደለም ብሎ ወጣ። ከዚያ የሽንት ቤቱ ጓሮ ሄዶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመና ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ ፈራ። ሌላ ሙያ የለውም። ሰው «ምንድን ነህ?» ሲለው የሚመልሰው አንድ መልስ ነው ያለው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይህ ነው እንግዲህ አለ ለራሱ።

ቅዳሜ ቢቸና ላይ ለፈንታነሽ ነገራት። የእናቷን ገላ አጥባ ጨርሳ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ሰማችው። ፊቷ ቀስ እያለ ሲፈካ አየ።

«ይኼ ቅጣት ነው ወይስ ጸሎቴ ደረሰ?»

«ፈንቴ…»

«ሃያ ዓመት ነው ሽታዬ! ስታመም ጎረቤት ነው ውሃ የሚያቀብለኝ። እማዬ ስትወድቅ ጎረቤት ነው የሚያነሣልኝ። ጠመኔ ቆጥረህ ብታወጣ ምን ትሆናለህ?»

«እሞታለሁ» አለ። ሊቀልድ ነበር የፈለገው፤ ቃሉ ሲወጣ ግን ቀልድ አልነበረም።

ፈንታነሽ እሑድ ሁልጊዜ መናኸሪያ ድረስ ትሸኘው ነበር፤ የዚያን ቀን «እማዬን ብቻዋን አልተዋትም» ብላ ከበሩ ተመለሰች። ሽታሁን ደብረ ወርቅ እስኪደርስ በመስኮቱ እያየ አንዲት ነገር ሳያይ ሄደ። የጉንደ ወይን አቧራ ሲያስለው ነው ወደ ራሱ የተመለሰው።

ማክሰኞ ይግዛው እንደገና ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ረቡዕ ከልጆቹ ጋር አንድ ጊዜ ይለማመዱት። ሁሉም መምህር እንዲያ ነው የሚያደርገው» አለው። ሽታሁን ይህን የሚያደርጉ መምህራንን ሲንቅ የኖረ ሰው ነው። ግን ፍርሃት የገባው ሰው መናቁን ይረሳል። ረቡዕ ልጆቹን «እስኪ እንደ ነገ ሆነን እንየው» አላቸው። ልጆቹም አፈሰሱት! አርባ ሦስት ዓረፍተ ነገር፤ አንዱ ካንዱ የማይገናኝ፤ ሦስት ጊዜ «ይበል» የተባለላቸውም ነበሩ። ልቡ ሞልቶ «ጎበዞች! ነገም እንዲሁ ናችሁ» ብሏቸው ወጣ። ሌሊቱንም ተኛ።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ዘሚራ መጣች። አርሲ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ሞጣ ሆስፒታል ተመድቦ አብራው የመጣች፣ ድምፅዋ ረጋ ያለ ሴት ናት። ከኋላ ወንበር ይዛ ቅጿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ ይግዛው አጠገቧ ተቀመጠ። ሽታሁን ቃሏን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አገባቧን በአጭሩ አስታወሰ። ከዚያ እጁን እያፋተገ ዞረ።

«እሺ፤ ማን ይጀምራል?»

አንድም እጅ አልተነሣም።

ሃምሳ ሁለት ልጅ ያየዋል። እርስ በርስ ይተያያል፤ ተመልሶ እሱን ያያል። ሽታሁን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በሉ እንጂ! ይታገስ?»

ይታገስ የክፍሉ አንደኛ ነው። ተነሣ፤ አፉን ከፈተ፤ ከደነ፤ ተቀመጠ።

«ንጋት?»

ንጋት አንገቷን ደፋች። ከኋላ የወይዘሮ ዘሚራ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። ሽታሁን ሰሌዳውን ዞሮ አየ፤ ቃሏ እዚያው አለች። ትናንት አርባ ሦስት ያሉ ልጆች ዛሬ አንዲት ጠፋቻቸው? አሲረውብኝ ነው? ምን አድርጌያቸው? በዚህ መሐል ሳብሪያ ሙሂዲን ሻሿን አስተካክላ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ የትናንቶቹ ተብለዋል እኮ።»

ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ። ሽታሁን ያን ጊዜ ገባው። የገዛ ሕጉ ነው። ልጆቹ ትናንት ያላቸውን ሁሉ አወጡ፤ አንዴ የተባለ ደግሞ አይደገምም። ዛሬ መልሰው ቢያመጡት ሌባ ናቸው፤ ይህን ያስተማራቸው እሱ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደተባለው ሆነ።

«ትናንት?» አለች ወይዘሮ ዘሚራ ቀና ብላ።

ይግዛው ዓይኑን ጨፈነ። ሽታሁን ልጆቹን አየ፤ ሴትዮዋን አየ። «ዛሬ ግድ የለም፣ የትናንቱን ድገሙት» ቢል አርባ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንደ ጎርፍ ይወርድለታል። ስልሳውን ያገኛል። ከልጆቹ ግን ከዚያ ወዲያ «ተብሏል» ብሎ የሚጮህ አይኖርም፤ የሚወጣና የሚቆጥርም አይኖርም። ይህን ሁሉ ያሰበው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ የዘረዘረው ኋላ ሲያወራው ነው እንጂ ያን ጊዜ ያየው የሳብሪያን ፊት ብቻ ነበር።

«አዎ፣ ትናንት» አለ። «ትናንት ተለማምደናል። ፈርቼ ነው። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም፤ እኔ ነኝ ሕጉን ያፈረስኩት። አሥር ደቂቃ ቢፈቀድልኝ አስወጥቼ አዲስ እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ።»

«ክፍለ ጊዜው የእርስዎ ነው» አለች ወይዘሮ ዘሚራ። ከፊቷ ምንም አይነበብም።

«ውጡ!» አለ። ሃምሳ ሁለቱ ግር ብለው ወጡ። ይግዛው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ የድሮ ተማሪ ነውና ያውቃል፤ ይህ ክፍል የገባን ሰው ሁሉ ሳያስቆጥር እንደማይለቅ ትዝ ብሎት፣ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን እየዳበሰ ሹልክ አለ።

ወይዘሮ ዘሚራ በሩ ላይ ቆመች። ግቢው ውስጥ አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፤ አንዷ ሻሿን ዓይኗ ላይ ጥላ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፤ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይመላለሳል። ኳስ ሜዳው ባዶ ነው። አንድም ልጅ ከሌላ ልጅ ጋር አያወራም።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እየቆጠሩ ነው።»

«ምን?»

«ኑሯቸውን መሰለኝ» አለ ሽታሁን፤ ከዚያ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ነገራት። እየነገራት ዓይኑ ከግቢው አልተነቀለም። ባይመለሱስ? ባዶ እጃቸውን ቢመለሱስ? ይህን ሁሉ ቀን ስትባል የከረመችን ቃል ዛሬ በአሥር ደቂቃ ከየት አምጥተው አዲስ ያደርጓታል? ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አየ፤ በሦስቱም አንድ ደቂቃ ነበር ያለፈው።

ሲመለሱ ይታገስ ቀድሞ ቆመ። በእንግሊዝኛ የተናገረው ወዲህ ሲመለስ «የእኛን በሬ ለመጥመድ ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አባቴን ለማሳመን ግን አንዲት እናቴ ትበቃለች» ነው። ይጠይቃል ያለው በቴክ ነው። ክፍሉ ሳቀ። ቀጥሎ አንዱ «ጅብ አህያችንን ወሰደ» አለ፤ አስከትሎም «ግማሹን ብቻ» ብሎ ጨመረ። ሰዋስዉ ተንጋዶ ነበር፤ ሽታሁን አላቋረጠውም። ሳብሪያ ተነሣችና «አባቴ የገበያ ቀን ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው፤ እኔ ቁጭ ብዬ እንድበላ» አለች። ምሳ መብላቷም ቴክ ነበረች። «ይበል!» አለ ክፍሉ። ከዚያ ንጋት፦ «አክስቴን ትመስያለሽ ይሉኛል። እኔ አክስቴን አይቻት አላውቅም። ስለዚህ መስታወት ሳይ ሰላም እላታለሁ።» የዚህችኛዋ «ይበል» በሩን አንቀጠቀጠው።

አንድ በአንድ ቀጠሉ። መድኃኒቱን ውሻው ፊት የማይውጡ አያት መጡ፤ ፎቶ ሲነሣ የማይስቅ አጎት መጣ፤ አቋራጭ ይዞ ወንዝ ውስጥ የገባ ሠርገኛ መጣ። ሁለት ልጆች ደግመው ተጮኸባቸው፤ አንዷ ጨርሶ ጠፋባትና ነገ አመጣለሁ ብላ ተቀመጠች። የቀሩት አርባ ዘጠኙ ሁሉ አዲስ ነበሩ። ሽታሁን ትከሻው ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ጥቂት በጥቂት ሲነሣለት ተሰማው።

ልጆቹ ሲያልቁ ክፍሉ ወደ ኋላ ዞረ። እንደ ልማዳቸው ነው። ሽታሁን «ኧረ ተዉ!» ከማለቱ በፊት ሳብሪያ «ተራው የእርስዎ ነው» ብላ ወይዘሮ ዘሚራን በአክብሮት አሳየቻት።

«የእኔ?» ሴትዮዋ ቅጿን ዘጋች። «እሺ፤ ወደ ቢሮ በባጃጅ ነው የምሄደው» አለች በቴክ።

«ተብሏል!» ብሎ ሃምሳ ሁለት ጉሮሮ ጮኸ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ሽታሁን ደስ ባለው። የመጣችበትን ሱፐርቫይዘር ክፍሉ ሌባ አላት! ወይዘሮ ዘሚራ ደንግጣ ቆየች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመና ወደ መስኮቱ አየች። እንዲህ ያለውን ዝምታ ልጆቹ ያውቁታል፤ እየቆጠረች እንደሆነ ገብቷቸው ጠበቋት።

«ልጅ ሆኜ» አለች በመጨረሻ ቀስ ባለ እንግሊዝኛ፣ «መንገድ ስንሻገር እጄን የምትይዘኝ እናቴ ነበረች። ባለፈው አርሲ ሄጄ መንገድ ልንሻገር ስንል እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። እኔ ነኝ የያዝኳት።»

አንዲት ቃል ሁለት ጊዜ መጥታለች፤ ሁለቱም ጊዜ እጅ ይዛ። ክፍሉ ወዲያው አልጮኸም። መጀመሪያ ንጋት በቀስታ «ይበል» አለች፤ ከዚያ ሁሉም።

ቢሮ ሲገቡ ወይዘሮ ዘሚራ ዓይኗን ጠርጋ ሱፐርቫይዘርነቷን መልሳ ለብሳ ነበር። የመጽሐፍ አፈጻጸም ላይ ዝቅተኛ ሞላች፤ ፊት ለፊቱ፣ ሳታፍር። ክፍል አያያዝና የተማሪ ተሳትፎ ላይ ሙሉ ሞላች። ደመረችው፤ ሰባ አንድ።

«ትናንት ባይለማመዱ ኖሮ ይበልጥ ነበር» አለችው። «ወላጆቹ ግን እውነት አላቸው። ልጆቹ ፈተና አለባቸው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቃል፣ መጽሐፉም እስከ ግንቦት ያልቃል። ይፈርሙ።»

ሽታሁን ፈረመ። ይግዛው ትከሻውን ያዝ አድርጎ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎ» አለው። የሽታሁን አንጀት ቅቤ ጠጣ። ወጥቶ መምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ ላይ ሲቀመጥ፣ ከስብሰባው ቀን ወዲህ እንዲህ ሙሉ አየር ወደ ውስጡ ስቦ እንደማያውቅ ገባው። እፎይ አለ። እንደገና እፎይ አለ።

ከዚያ ፈንታነሽ ትዝ አለችው። ስልኩን አውጥቶ ቁጥሯን አገኘ። እሱ የዳነበት ነገር እሷን ምን እንዳሳጣት ያውቃል። ሌላ ስድስት ዓመት። ደወለ።

«ፈንቴ።»

«ምን ሆነ?»

«አለፍኩ። ክፍል ውስጥ ነኝ። እዚሁ።»

ከኋላዋ የእናቷ ሳል ይሰማል። ሽታሁን ይቅርታ የሚልበት ቃል ፈለገ፤ ሁለት ቋንቋ አገላብጦ አንድም አጣ። አፉን ሊከፍት ሲል ጆሮው ላይ እልልታ ፈነዳ። ስልኩን ከጆሮው አራቀ። ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት መምህራን ሁሉ ቀና አሉ። ሦስት ጊዜ እልል አለች፤ ሦስተኛው መሐሉ ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ።

«ፈንቴ፣ አንቺ እኮ እንድመጣ ነበር የምትፈልጊው።»

«አሁንም እፈልጋለሁ» አለች አፍንጫዋን እየሳበች። «ግን ከክፍል አውጥተው ቢልኩልኝ ግማሽህ ነበር የሚመጣው። ግማሽ ሰው ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ከማይ፣ ሙሉውን ሁለት ቀን ይሻለኛል። በል ነገ አርብ ነው፤ ቀድመህ ተሳፈር።»